«ኤሌክትሮን» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤሌክትሮን የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ነጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ የአቶሙን እምብርት ኒውክሊየስን ይዞራል፣ በቃ። ቃሉ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ግን እኔን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም። ካወቅሁት በኋላ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ሰውም መልሶ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄዎቹም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በአጭሩ ንገረኝ፤ «ኤሌክትሮን» ምን ማለት ነው?

አምበር ማለት ነው። ያ ማር የመሰለው፣ ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ የሚታየው፣ እንደ ዶቃ ተሰክቶ አንገት ላይ የሚደረገው ጌጥ። የጥንት ግሪኮች ይህን ቃል ሲናገሩ ሐሳባቸው ጌጥ ላይ ነበር። በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ኦዲሲ ውስጥ አንድ የፊንቄ ነጋዴ ከአንድ ቤት ደጃፍ ይደርሳል፤ በእጁ አምበር የተሰካበት የወርቅ ሐብል ይዟል፤ የቤቱ ሴቶች ሐብሉን እየዳሰሱ ዋጋ ይከራከራሉ። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቃል ይኸው ዛሬ ፊዚክስ ክፍል የምንማረው ቃል ነው።

አምበር ድንጋይ ነው?

አይደለም፤ የዛፍ ሙጫ ነው። ዕጣን እንዴት እንደሚለቀም ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ዛፉ ሲቆስል ከቁስሉ ፈሳሽ ይወጣል፤ ፈሳሹ አየር ሲያገኘው ይጠጥራል፤ ዕጣን ወይም ከርቤ ብለን እንለቅመዋለን። አምበርም አጀማመሩ ከዚህ ብዙ አይለይም። የሱ ሙጫ ግን ለቃሚ ሳያገኘው ወድቆ፣ አፈር ተጭኖት፣ ሚሊዮን ዓመታት ከርሟል። ለዚህ ነው አንዳንዱ አምበር ውስጥ ትንኝ ወይም ጉንዳን ክንፉና እግሩ ሳይጎድል የሚገኘው፤ ሙጫው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ማለት ነው።

በጣም የታወቀው የባልቲክ ባሕር ዳርቻ አምበር ነው፤ ዕድሜው ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ግሪክ አገር በ16ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቆፈሩት የሚኬኔ መቃብሮች ውስጥ ብዙ የአምበር ዶቃ ተገኝቷል፤ ሲመረመር የባልቲክ ሆኖ ተገኘ። ከሰሜን አውሮፓ እስከ ሜዲትራኒያን ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ነው የደረሰው።

የኛ አገርም አምበር አለው። ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው አምበር በ2010 በሳይንስ ጽሑፍ ለዓለም ቀረበ፤ ውስጡም ጉንዳንን ጨምሮ ብዙ ነፍሳት ነበሩበት። መጀመሪያ ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ተገምቶ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ዕድሜውን በጣም ዝቅ አድርጎ ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ አወረደው። ለእኔ ይሄ የአምበሩን ክብር አይቀንሰውም። አሁንም የሰው ልጅ ከመኖሩ ብዙ በፊት የደረቀ ሙጫ ነው። ሐረርና ወሎ ደግሞ እናቶች አንገት ላይ ትልልቅ ቢጫ የአምበር ዶቃ ማየት የተለመደ ነው፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ግሪኮቹ ለምን «ኤሌክትሮን» አሉት?

ከብርሃኑ የተነሳ ነው። በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ «ኤሌክቶር» የሚል ቃል አለ፤ የሚያበራ ፀሐይ ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ «ኤሌክትሮን»ን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። አምበርን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። በተረታቸውም አምበርና ፀሐይ አይለያዩም። የፀሐይ ልጅ ፋኤቶን የአባቱን ሰረገላ ልንዳ ብሎ ይለምናል፤ ፈረሶቹ ያመልጡታል፤ ምድር ልትቃጠል ስትል የአማልክቱ አለቃ ዜውስ በመብረቅ መትቶ ይጥለዋል። እህቶቹ ሲያለቅሱለት ወደ ዛፍ ይለወጣሉ፤ ከዛፍነታቸውም በኋላ እንባቸው አልቆመም፤ ያ እንባ ደርቆ አምበር ሆነ ይላሉ። እንባ ነው ያሉት ሙጫ ነው እንጂ፣ ከዛፍ የወጣ ፈሳሽ መሆኑን ተረቱም አልሳተም።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ግሪኮች በዚሁ ቃል ወርቅና ብር የተቀላቀሉበትን ማዕድንም ይጠሩበት ነበር፤ ቀለሙ ነጣ ያለ ቢጫ ስለሆነ። ዛሬ ቱርክ ባለችበት ምድር የነበሩት ልድያውያን የመጀመሪያዎቹን ሳንቲሞች የሠሩት ከዚህ ቅይጥ ነው። ስለዚህ ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ «ኤሌክትሮን» ሲገኝ አምበሩ ይሁን ቅይጡ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው።

አምበርን አሽቶ ኤሌክትሪክን ያገኘው ታሌስ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እንደሚወራው አይደለም። ታሌስ የሚሊጢን ሰው፣ ግሪካዊ ፈላስፋ ነው፤ 600 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የኖረ። ራሱ የጻፈው አንድም ነገር አልደረሰንም። ያለን ወሬ በ3ኛው መቶ ዘመን ዲዮጋን ላኤርጥዮስ የጻፈው ነው፤ እሱም አርስቶትልንና ሂጲያስን ጠቅሶ ታሌስ ማግኔትንና አምበርን አይቶ «ሕይወት የሌላቸው ነገሮችም ነፍስ አላቸው» ብሏል ይላል። ያለው ይህን ያህል ነው። በፀጉር አሸው፣ ሙከራ አደረገ፣ መዝግቦ አስቀመጠ የሚለው ሁሉ የኋላ ሰው የጨመረበት ነው።

አምበር ሲታሽ ቀላል ነገር እንደሚስብ ግሪኮች ያውቁ እንደነበር ግን አያከራክርም። ፕላቶን ቲማዮስ በሚለው ሥራው ውስጥ የአምበርንና የማግኔትን መሳብ እንደ ታወቀ ነገር ነው የሚያነሳው። አይተውታል፤ ቀጥለው ግን አልሄዱበትም።

ቤት ውስጥ ላየው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ሞክሩት። አምበር አያስፈልግም። ግልጽ የፕላስቲክ እስክሪብቶ ይበቃል። ከደብተር ጥግ ትንሽ ወረቀት ቀዳችሁ እንደ ሽንኩርት ክትፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ በትኑት። እስክሪብቶውን ደረቅ ፀጉር ላይ ወይም የሱፍ ሹራብ ላይ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ ያህል በፍጥነት እሹት። ከዚያ ወረቀቱ ሳይነካ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ወረቀቶቹ መጀመሪያ ጫፋቸው ይነሳል፣ ይቆማሉ፣ ከዚያ ዘለው ይለጠፋሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዳንዱ ራሱ ተወርውሮ ሲወርድ ታያላችሁ። እኔ ይህን የእህቴ ልጅ ፊት ስሠራው ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እስክሪብቶውን ነጥቃኝ ከሰዓቱን ሙሉ ስታሽ ዋለች።

ፀጉራችሁ ቅቤ ወይም ቅባት ካለው አይሠራም። በክረምትም ያስቸግራል፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ የተጠራቀመው ቻርጅ በሚያርፍበት ስስ እርጥበት ላይ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ያ ብርድ ልብስ በጨለማ ሲገለጥ ጠሽ ጠሽ የሚልበት ወቅት ላይ ግን በደንብ ይሠራል። ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው።

የሚሆነው ይህ ነው። ስታሹት ከፀጉሩ ላይ ኤሌክትሮኖች ወደ ፕላስቲኩ ይሻገራሉ። ፕላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሮን እንደ ልብ አያዘዋውርም፤ የመጣው እዚያው ባለበት ይቀራል። ወረቀቱ ትርፍም ጉድለትም የለበትም፤ እስክሪብቶው ሲቀርበው ግን በወረቀቱ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ ስለዚህ ወደ እስክሪብቶው የዞረው ገጽ ፖዘቲቭ ይሆንና ይሳባል። አምበርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ከአምበር ተነስቶ «ኤሌክትሪክ» የሆነው እንዴት ነው?

በአንድ ሐኪም። ዊልያም ጊልበርት የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሐኪም ነበር፤ በ1600 ስለ ማግኔት ትልቅ መጽሐፍ በላቲን አሳተመ። ከሱ በፊት ሰው ማግኔትንና አምበርን አንድ ላይ ነበር የሚያያቸው፤ ሁለቱም ይስባሉ፣ አለቀ። ጊልበርት ይህን አልተቀበለም። እንደ ኮምፓስ ቀስት ያለች ቀላል የብረት መርፌ ሹል ነገር ላይ አስቀምጦ፣ የታሸ ነገር ሲያቀርብላት ትዞር እንደሆነ ይመለከት ጀመር። አምበር አዞራት። ብርጭቆም አዞራት። ድኝ፣ የማኅተም ሰም፣ አልማዝ፣ ሰንፔር፣ እነዚህ ሁሉ አዞሯት። ማግኔት ሳይታሽ የሚስበው ብረትን ነው፤ እነዚህ ግን ሲታሹ ያገኙትን ቀላል ነገር ሁሉ ይስባሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የአምበር ብቻ አይደለም፤ ከማግኔትም የተለየ ነው።

ለዚህ ትልቅ ቤተሰብ ስም አስፈለገው። «ኤሌክትሪኩስ» አለው በላቲን፤ እንደ አምበር የሚያደርግ ማለት ነው። በኛ አነጋገር «አምበራዊ» እንደ ማለት ነው። በ1646 ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ቶማስ ብራውን፣ በእንግሊዝኛ «ኤሌክትሪሲቲ» ብሎ ጻፈው። እንግዲህ ዛሬ «ኤሌክትሪክ ምጣድ» ስንል በጥሬው «አምበራዊ ምጣድ» እያልን ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ምጣዱ ሲግል ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ. ጄ. ቶምሰን ነው፤ ስሙንም ያወጣው እሱ አይደለም?

አይደለም፤ እንዲያውም ቶምሰን ስሙን ለረጅም ጊዜ አልወደደውም። ስሙ የወጣው ነገሩ ከመገኘቱ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው።

ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ የሚባል የአየርላንድ ሰው በ1874 ቤልፋስት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ቻርጁ እንደ ውሃ የትም የሚቆረጥ ሳይሆን በፍሬ የሚቆጠር ይመስላል፤ ስለዚህ ከዚያ በታች የማይከፈል ትንሽ የቻርጅ መጠን መኖር አለበት አለ። በ1891 ለዚያ መጠን «ኤሌክትሮን» የሚል ስም ሰጠው። ልብ በሉ፤ እሱ የሰየመው መለኪያ ነው፤ እንደ ሊትር፣ እንደ ኪሎ። ቅንጣት አላገኘም፤ አገኘሁም አላለም።

በ1897 ቶምሰን ካምብሪጅ በሚገኘው የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ የካቶድ ጨረርን፣ ማለትም አየሩ በወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚፈጠረውን ጨረር፣ ሲመረምር ጨረሩ ከማንኛውም አቶም እጅግ ያነሱ ቅንጣቶች ፍሰት መሆኑን አሳየ። ቅንጣቶቹን «ኮርፐስክል» አላቸው፤ ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ትንሽ አካል ማለት። በዚያው ዓመት የስቶኒ የእህት ልጅ፣ ፊዝጄራልድ፣ እነዚህን «ኤሌክትሮን» እንበላቸው የሚል ሐሳብ አመጣ። ሌሎቹ ፊዚሲስቶች ተቀበሉት። ቶምሰን ግን ለዓመታት «ኮርፐስክል» እንዳለ ነበር። በ1906 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝም ዓለም በአንድ ስም፣ እሱ በሌላ ስም ነበር የሚጠሩት።

እኔ «ኮርፐስክል» ባለማሸነፉ ደስ ይለኛል። ትንሽ አካል ማለት ለማንኛውም ትንሽ ነገር ይሆናል። «ኤሌክትሮን» ግን የዕውቀቱን መነሻ ይዞ ነው የሚዞረው።

ኤሌክትሮን ለምን ነጌቲቭ ሆነ?

ጥያቄው የስም ታሪክ አይመስልም እንጂ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝም እዚህ ጋ ያለው ነው።

በ1733 ዱ ፌ የሚባል ፈረንሳዊ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ እንዳለ አስተዋለ። የታሸ ብርጭቆና የታሸ አምበር ይሳሳባሉ፤ ብርጭቆና ብርጭቆ፣ አምበርና አምበር ግን ይገፋፋሉ። አንዱን የብርጭቆ፣ ሌላውን የሙጫ ኤሌክትሪክ አላቸው። ከዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሁለት ሳይሆን አንድ ነገር ነው፣ ሲበዛ ፖዘቲቭ ሲጎድል ነጌቲቭ ይሆናል አለ። የትኛው በዝቶበት የትኛው ጎድሎበት እንደሆነ ግን በዚያ ዘመን ማየት አይቻልም ነበር። ፍራንክሊን ብርጭቆው ነው የበዛበት ብሎ ገመተ። የብርጭቆው ፖዘቲቭ፣ የአምበሩ ነጌቲቭ ተባለ።

ግምቱ የተገላቢጦሽ ነበር። ቶምሰን ሲደርስ የሚዘዋወረው ቅንጣት ነጌቲቭ ሆኖ ተገኘ። ማለትም በሱፍ የታሸ አምበር ጎድሎበት ሳይሆን ተርፎበት ነው። የተረፈው ምንድን ነው? ኤሌክትሮን። በአምበር ስም የተጠራው ቅንጣት፣ አምበር ሲታሽ ላዩ ላይ የሚሰበሰበው ራሱ ነው። ስቶኒ ስሙን ሲያወጣ ይህን ማወቅ አይችልም ነበር፤ ስሙ በአጋጣሚ ቤቱን አገኘ።

ዐረብ ሀገር «ከህረባ» ነው የሚሉት። ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ይገናኛል! ሪያድ ወይም ዱባይ ወይም ቤይሩት የሠራ ሰው ይህን ቃል በመጀመሪያው ሳምንት ይለምደዋል፤ ከህረባ ጠፋ፣ የከህረባ ሒሳብ መጣ። ቃሉ ግን አመጣጡ ከፋርስ ነው። «ካህ» ገለባ ነው፤ «ሩባ» ነጣቂ። ገለባ ነጣቂ! ፋርሶች እንዲህ ብለው የሚጠሩት አምበርን ነበር፤ ሲታሽ ገለባ ብድግ ስለሚያደርግ። ዐረቦች ቃሉን ወስደው አምበርን «ከህረባ» አሉት፤ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ሲመጣ ደግሞ አውሮፓውያን በአምበር ስም እንደጠሩት አይተው እነሱም የራሳቸውን የአምበር ቃል ሰጡት።

የሚገርመው ግሪኮቹ ናቸው። የዛሬ ግሪክ ሱቅ ገብታችሁ የአምበር መቁጠሪያ ብትፈልጉ በተለምዶ የምትጠይቁት «ከህሪባሪ» ብላችሁ ነው። ይህ ያው የፋርሱ ቃል ነው፤ በቱርክ በኩል የገባ። ኤሌክትሮኑን «ኢሌክትሮኒዮ» ይሉታል፤ አምበሩን ግን በባዕድ ስም። የራሳቸውን ቃል ለፊዚክስ ሰጥተው ለጌጡ ከጎረቤት ተበደሩ።

እስራኤል ውስጥስ? «ሐሽማል» የአምበር ስም ነው?

በዙር መንገድ አዎ። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ለመብራት «ሐሽማል» ይላሉ። ቃሉ ከትንቢተ ሕዝቅኤል ነው፤ ምዕራፍ 1 ቁጥር 4። ነቢዩ ከሰሜን ዐውሎ ነፋስ፣ ታላቅ ደመናና የሚበርቅ እሳት ሲመጣ ያያል፤ በእሳቱም መካከል እንደ «ሐሽማል» ያለ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበረ። ቃሉ በመላው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው በሕዝቅኤል ብቻ ነው፤ እዚያም ሦስት ቦታ።

ሰብዓ ሊቃናት ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ ሲመልሱ እዚህ ቦታ ላይ ምን ብለው ተረጎሙት? «ኤሌክትሮን»። አምበሩን ይሁን የወርቅና የብሩን ቅይጥ በልባቸው ያሰቡት፣ የጻፉት ግን ያንን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ዕብራይስጥ ለአዲስ ነገር አዲስ ቃል ሲፈልግ ባለቅኔው ይሁዳ ሌብ ጎርዶን ይህን ዝምድና ይዞ «ሐሽማል»ን ለኤሌክትሪክ አዋለው። የኛም የግእዝ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚሁ ከሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛ ነው።

አንድ ቤተሰብ ልጆቹ ተበትነው አንዱ አዲስ አበባ «ኤሌክትሪክ»፣ አንዷ ኩዌት «ከህረባ»፣ አንዱ ሐይፋ «ሐሽማል» ቢሉ፣ ሦስቱም ቃል ሥሩ ቢቆፈር የሚደርሰው እዚያው የዛፍ ሙጫ ላይ ነው።

የኛ «መብራት» እና «ኮረንቲ»ስ?

እነዚህ የአምበር ዘር አይደሉም። «መብራት» ከ«በራ» የወጣ የራሳችን ቃል ነው፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪክን ያወቅነው በአምፖል ስለሆነ ስሙ ወደ ሁሉም ተዛመተ። መብራት ሄደ ስንል ፍሪጁም ምጣዱም ቆመ ማለታችን ነው። «ኮረንቲ» ደግሞ የጣልያን ቃል ነው፤ የሚፈስ፣ የሚሮጥ ማለት። ኮረንቲ ያዘው ስንል የያዘው ፍሰቱ ነው፤ አባባላችን ትክክል ነው።

ፕሮቶን፣ ኒውትሮን፣ ፎቶን... ሁሉም በ«ኦን» የሚያልቁት ለምንድን ነው?

ከኤሌክትሮን ወርሰው ነው። በግሪክኛ «ኦን» ተራ የስም ማለቂያ ነው፤ ወንድም ሴትም ላልሆነ ነገር። የቅንጣት ምልክት የሆነው ኤሌክትሮን ከታወቀ በኋላ ነው። «ፕሮቶን» የመጀመሪያው ማለት ነው፤ ፊዚሲስቱ ራዘርፎርድ በ1920 ያወጣው፤ ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ያህል ይከብዳል። «ኒውትሮን» ራሱ ላቲን ጅራቱ ግሪክ ነው፤ ከፖዘቲቭም ከነጌቲቭም ያልሆነ ማለት። «ፎቶን» ከብርሃን ነው፤ ፎቶ ቤት የምንለው «ፎቶ»ም ያው ነው።

«ሌፕቶን» ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ሌፕቶን የአንድ የቅንጣት ቤተሰብ ስም ነው፤ ኤሌክትሮን ራሱ ከሌፕቶኖች አንዱ ነው። ቃሉን በ1948 ያወጣው ፊዚሲስቱ ሮዘንፌልድ ነው፤ ቀጭን፣ ትንሽ ከሚለው የግሪክ ቃል። በአዲስ ኪዳን ዘመን ሌፕቶን የሳንቲም ስም ነበር፤ ከሁሉም የምታንሰው ሳንቲም። ድሀዋ መበለት መባ የጣለቻቸው ሁለት ናስ፣ በግሪክኛው ሁለት ሌፕታ ናቸው።

አኖድና ካቶድ ሁልጊዜ ይምታቱብኛል። የቃሉ ትርጉም ይረዳኛል?

እኔን ረድቶኛል። ማይክል ፋራዴይ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተቀጥሮ ያደገ ሰው ነው፤ ግሪክኛ አልተማረም። በ1834 ኤሌክትሪክ ወደ ፈሳሽ ለሚገባበትና ከፈሳሹ ለሚወጣበት ጫፎች ስም ሲቸግረው ካምብሪጅ ላለው ሊቅ ለዊልያም ሁዌል ጻፈለት። ሁዌል «አኖድ» እና «ካቶድ» የሚሉትን ሰጠው። «ሆዶስ» መንገድ ነው። «አና» ወደ ላይ፣ «ካታ» ወደ ታች። አኖድ ወደ ላይ መውጫ፣ ካቶድ ወደ ታች መውረጃ መንገድ። ፋራዴይ በልቡ የነበረው ፀሐይ ነው፤ በምሥራቅ መውጣቷ፣ በምዕራብ መጥለቋ። «አዮን» ደግሞ የሚሄደው ማለት ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ወደ አንዱ ጫፍ የሚጓዝ፣ ቻርጅ ያለው ቅንጣት።

ይህ «ሆዶስ» ለኛ እንግዳ አይደለም። ሲኖዶስ የምንለው ውስጥ አለ፤ «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ። ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያለው ማየት የሚለው ቃልም ኤጲስ ቆጶስ ውስጥ አለ፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። ስለዚህ «የሳይንስ ቃል ባዕድ ነው፣ ልጆቻችን አይገባቸውም» ሲባል አልስማማም። ወንጌልም፣ ዲያቆንም፣ ሲኖዶስም ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ ከግእዝ ጀምሮ ስንላቸው ኖረን የኛ ሆነዋል። ልጁ የሚቸገረው ቃሉ ግሪክ ስለሆነ ሳይሆን ትርጉሙ ስላልተነገረው ነው። ደቂቃ አይፈጅም እኮ! አስተማሪው እስክሪብቶውን ፀጉሩ ላይ አሽቶ ወረቀት ቢያነሳና «ኤሌክትሮን ማለት አምበር ነው፤ አምበር እንዲህ ያደርጋል» ቢል ያ ክፍል ቃሉን አይረሳውም።

ለኤሌክትሮን የአማርኛ ቃል ይውጣለት?

በእኔ አስተያየት አያስፈልግም። ስሙ በብዙ የዓለም ቋንቋዎች አንድ ነው፤ ታሪኩም በስሙ ውስጥ ነው።

«ኤሌክትሪክ» ነው ወይስ «ኤሌትሪክ»?

አፍ ላይ «ኤሌትሪክ» ቢባል ምንም አይደለም፤ ሁላችንም እንላለን። ስትጽፉ ግን «ክ»ዋን አትተዉአት፤ «ኤሌክትሮን» ውስጥ ያለችው ናት።

«አምበር» የሚለው ቃልስ?

ከዐረብኛው «ዐንበር» ነው፤ እሱም መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረውን፣ ለሽቶ የሚፈለገውን ነገር ነበር የሚጠራው። ሁለቱም ባሕር ዳር ስለሚገኙ አውሮፓውያን ስሙን ወደ ሙጫው አዛወሩት። ነገሮቹ ግን አይዛመዱም።

የአያቴ የአንገት ዶቃ እውነተኛ አምበር መሆኑን በማሸት ማወቅ እችላለሁ?

ማሸት ብቻውን አይበቃም፤ ፕላስቲክም ወረቀት ያነሳልና። የተሻለው የጨው ውሃ ነው። ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨው እየጨመራችሁ አማስሉ፤ ጨው አልሟሟም ብሎ ሥሩ ላይ እስኪቀር ድረስ። ሲቀዘቅዝ ዶቃውን ከክሩ አውጥታችሁ ክተቱት። አምበር ይንሳፈፋል። በአፍሪካ ገበያ በአምበር ስም የሚሸጠው ብዙው ዶቃ ባክላይት የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ይሰምጣል።

ከተንሳፈፈም ገና አላለቀም። ኮፓል የሚባለው፣ ዕድሜው ያልጠና ሙጫም ይንሳፈፋል። በዶቃው ቀዳዳ አጠገብ፣ በማይታይ ቦታ ላይ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን አንድ ጠብታ አድርጉና ጥቂት ቆይታችሁ በጣት ንኩት። ኮፓል ከሆነ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ አምበር ግን እንደ ደረቀ ይቆያል። በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ በጨርቅ አድርቁትና ወደ ክሩ መልሱት። ክሩ ካረጀ አዲስ ክር ግዙለት።